የተጠባባቂው መሰላል

በቆርኪ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ለዘጠኝ ዓመታት በስሙ ተጠርቶ የማያውቅ አንድ ሰው ነበር። የመጋዘን ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ ሳለ ኃላፊው ለሕክምና ፈቃድ ወጥቶ በዚያው ቀረ፤ ጸሐፊውም «ቋሚ ኃላፊ እስኪመደብ ድረስ» በሚል የተጠባባቂነት ደብዳቤ የመጋዘኑን ቁልፎች ተረከበ። ደብዳቤው አምስት መስመር ነበር። ሰው ሁሉ ይዞት የቀረው ግን ከመካከሉ አንዲቱን ቃል ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽነኞቹም፣ ጥበቃዎቹም፣ የክበቡ አስተናጋጅም ተጠባባቂው ይሉት ጀመር። ሚስቱ ነገሩን የሰማች ዕለት ስቃ ስቃ ሲበቃት «ተጠባባቂዬ» አለችው፤ ስሙ የፋብሪካውን በር አልፎ ቤቱ የገባው በዚያ ዕለት ነው።

ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽሩን በክር አስሮ በአንገቱ የሚያንጠለጥል ሰው ነበር። መጋዘኑ አርባ ሁለት መደርደሪያ አለው። በእያንዳንዱ ዕቃ ፊት ቢን ካርድ የሚባል ጠንካራ ወረቀት ተንጠልጥሏል፤ ምን ያህል እንደ ገባ፣ ምን ያህል እንደ ወጣ፣ ምን ያህል እንደ ቀረ የሚጻፈው በዚያ ላይ ነው። ከእሱ መጋዘን አንድ ብሎን ያለ ካርዱ አይነቃነቅም። በብሎን ጥርስ ላይ የሚጠመዘዘው ዳዶ ሁሉ ከብሎኑ አጠገብ ይቀመጣል፤ ጥርሱ የማይገጥም ዳዶ ያላግባቡ ተቀምጦ ካየ ፊቱ ለግማሽ ቀን አይፈታም። በየማዘዣው ግርጌ የሚመታው የላስቲክ ማኅተም፣ ቲተሩ፣ «ተ/የመጋዘን ኃላፊ» ይላል። ያቺን «ተ» ከነሰረዟ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ በወረቀት ላይ እንዳተማት የሚያውቅ ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ እሱም አልተናገረም።

ቋሚ ለመሆን አልጠየቀም ማለት አይቻልም። ጠይቋል። ነገር ግን በጠየቀ ቁጥር አንድ መሰላል በመካከል ይገባ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል መጋረጃ ለመስቀል አሥራ ሁለት ደረጃ ያለውን፣ እንደ መቀስ የሚከፈተውን የአሉሚኒየም መሰላል ለአንድ ቀን ተውሶ ወስዷል። መጋረጃው ተሰቀለ፤ መሰላሉ አልተመለሰም። ተጠባባቂው አሥራ አራት የማስታወሻ ደብዳቤ ጻፈ። የሰው ኃይል ኃላፊው ከእሱ ጋር በአንድ ዓመት የተቀጠረ እኩያው ስለሆነ ንግግራቸው የእኩያ ነበር።

«መጣህ ደግሞ?» ይላል ኃላፊው፣ ቁልፎቹ በኮሪደሩ ሲንኳኩ ሰምቶ።

«መጣሁ። መሰላሉ።»

«አንተ ሰው፣ ስለ ደብዳቤህ ጉዳይ እናውራ ብዬ ቀጥሬህ ስለ መሰላል ታወራኛለህ?»

«ደብዳቤው የእኔ ነው፣ ይቆያል። መሰላሉ የፋብሪካው ነው።»

«አንድ ቦታ ይኖራል።»

«እኔም የምጠይቀው ያንኑ አንድ ቦታ ነው።»

ከዚህ በኋላ ስለ ቋሚነት ለመነጋገር የሚበቃ መልካም መንፈስ በቢሮው ውስጥ አይተርፍም ነበር።

በዘጠነኛው ዓመት መጨረሻ ላይ በማስታወቂያ ሰሌዳው አንድ ወረቀት ተለጠፈ። «በካሪየር ዴቨሎፕመንት ዙሪያ ውይይት ስለሚደረግ የክፍል ኃላፊዎች ተዘጋጅታችሁ እንድትገኙ» ይላል። በመጋዘኑ ቋንቋ ካሪየር ማለት ካርቶን የሚጫንበት፣ ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ጋሪ ነው። ዴቨሎፕመንት ልማት መሆኑን ተጠባባቂው ያውቃል። ጋሪዎቹን ለማልማት ስብሰባ መጠራቱ ዘግይቷል እንጂ አላስገረመውም፤ ሁለት ቀን ፈጅቶ ጋሪዎቹን አንድ በአንድ እየገፋ መረመረና ሪፖርት አዘጋጀ።

በስብሰባው ላይ ሰባት የክፍል ኃላፊዎች በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። የሰው ኃይል ኃላፊው «እስቲ ካሪየርን በተመለከተ ያለንበትን ሁኔታ ማን ይጀምርልን?» ሲል፣ ዝግጅት አድርጎ የመጣ አንድ ሰው ብቻ ስለነበር ተጠባባቂው መነጽሩን አድርጎ ተነሣ።

«ያሉን ሰባት ናቸው» አለ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «ከሰባቱ በእርግጥ የሚሠሩት ሦስት ናቸው።»

ሰባቱ ኃላፊዎች እርስ በርስ ተያዩ።

«አንዱ ሲጫንበት ወደ ግራ ያደላል። አንዱ ካልተገፋ ከቆመበት አይንቀሳቀስም፤ ሲገፋ ደግሞ ጩኸቱ እስከ ጥበቃ ቤት ይሰማል።»

የጥገና ክፍል ኃላፊው፣ በድምፁ የታወቀ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንዱ ፋብሪካው ሲከፈት የመጣ ነው። ቅባት ቢጠጣም ለውጥ አላሳየም። ከአገልግሎት ቢወገድ ቦታ ይለቅ ነበር።»

ጡረታ ለመውጣት ሦስት ወር የቀራቸው የማሸጊያ ክፍል ኃላፊ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። «ልጄ፣ እኔ ቅባትም ሌላም ጠጥቼ አላውቅም» አሉ። «ማን እንደ ነገረህ ግን ለይቼ አውቄዋለሁ።»

ነገሩ ተጣርቶ ሳቁ እስኪበርድ ድረስ ሩብ ሰዓት ፈጀ። የሰው ኃይል ኃላፊው ዓይኑን እየጠረገ ካሪየር በእንግሊዝኛ ሌላም ትርጉም እንዳለው፣ አጠራሩ በጥቂት ይለይ እንጂ የሰው ልጅ የሥራ ሕይወትና የሚወጣው ደረጃ ማለት እንደሆነ አስረዳ። ቀጥሎ የተናገረው ግን ተጠባባቂውን አላሳቀውም። ፋብሪካው ከውጭ አገር ባለድርሻ ጋር ተሻርኳል። አዲሷ ዳይሬክተር «ተጠባባቂ» የሚባል ነገር አይገባቸውም። ስለዚህ በተጠባባቂነት የተያዘ ቦታ ሁሉ ከስድስት ሳምንት በኋላ በቃለ መጠይቅ ይሞላል፤ ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው፤ ያለፈ ይጸናል፣ ያላለፈ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል፣ በቦታውም ከውጭ ሰው ይቀጠራል። የተጠባባቂው የቀድሞ ሥራ ጸሐፊነት ነበር። ይህም ማለት ዘጠኝ ዓመት በወገቡ ያንጠለጠላቸውን ቁልፎች ለማያውቀው ሰው አስረክቦ፣ የዚያኑ ሰው ማዘዣ ሲገለብጥ ሊውል ነው።

የቤቱ አንደኛ ክፍል የሚስቱ የስፌት መኪና የሚቀመጥበት ነው፤ የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች። በሁለተኛው ይተኛሉ። ሦስተኛው፣ ከሁሉ ጠባቡ፣ የአማቱ ነው። አማቱ ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር የሚላቸው ሴት ናቸው። ቀይ እስክሪብቷቸው ግን አብሯቸው ጡረታ አልወጣም፤ የመድኃኒት ካርቶን ላይ የተጻፈውን ሳይቀር ያርሙበታል።

«እማማ» አለ ተጠባባቂው በዚያው ምሽት፣ በራቸው ላይ ቆሞ። «እንግሊዝኛ ሊያስተምሩኝ ነው።»

«ልጠይቅዎት ነው የሚባለው» አሉ ቲቸር፣ ዓይናቸውን ከመጽሐፉ ሳያነሡ። «ሃያ ዓመት በዚህ ቤት ስትኖር አንድ ቀን እንኳ ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

«አላስፈለገኝም ነበር።»

«እሱን አውቃለሁ። ግባና ተቀመጥ። ደብተር የለህም?»

ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ሆና «ደብተር ይዞ ይምጣ ወይስ ወላጅ?» አለች።

መጀመሪያ ላይ የተጠባባቂው ችግር የቃል እጥረት አልነበረም። ቃላት ነበሩት፤ የሚያጋጥማቸው ግን እንዳሻው ነበር። «እድገት አሳየሁ» ለማለት ዱ ይላል፤ ቲቸር ሜክ ነው ይሉታል። «ሁለቱም መሥራት አይደሉም ወይ?» ይላል። ናቸው፣ ግን እድገት የምትሄደው ከሜክ ጋር ብቻ ነው ይሉታል። ምክንያት ይጠይቃል። ለሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ጥያቄ የተፈተኑት ቲቸር አንድ ምሽት ቀይ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«እስቲ አንተ ንገረኝ። ሰው ፎቶ ምን ያደርጋል?»

«ይነሣል።»

«ተቀምጦስ?»

ተጠባባቂው አሰበ። «ተቀምጦም ይነሣል።»

«ተኝቶስ ቢሆን?»

«ያው ይነሣል።»

«ለምን?»

«እንዲያ ነው የሚባለው።»

«ጉራስ ምን ይደረጋል?»

«ይነዛል።»

«ጉራ ዘራ ብዬ ብናገርስ?»

«ለቲቸር አይገባም» አለ፣ ከልቡ ተጨንቆ።

«በል እንግዲህ። እነሱም ለመጋዘን ኃላፊ አይገባም የሚሉት ይህንኑ ነው።»

በዚያች ምሽት ለተጠባባቂው ነገሩ በራለት፤ የበራለት ግን በራሱ መንገድ ነው። ግሡ ብሎን ነው፣ ስሙ ዳዶ ነው፤ ጥርሱ ከገጠመ ይጠብቃል፣ ካልገጠመ በጉልበት ቢያዞሩት ሁለቱም ይበላሻሉ። በማግሥቱ የቆሸሹ ቢን ካርዶች ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመረ፤ አዲስ ካርድ ለግል ጉዳይ ማውጣት አይፈቀድምና። ቴክ ኦን የሚገጥመው ከሪስፖንሲቢሊቲ ጋር ነው፤ ኃላፊነት ይወሰዳል እንጂ አይያዝም። ጌይን ከኤክስፒሪየንስ፣ ከልምድ ማለት ነው፣ ጋር። ካርዶቹን በክር አስሮ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀላቸው። ሚስቱ የስፌት ክር ፍለጋ ብትገባ ከግድግዳው ላይ ኤክስፒሪየንስ ታገኛለች።

ከሁሉ ያስቸገሩት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ሚት ዘ ዴድላይን ነው፤ ሥራን በቀነ ገደቡ ማድረስ ማለት ነው። ዴድ የሞተ፣ ላይን መስመር፤ የመሞቻውን መስመር ሄዶ መገናኘት ምን የሚሉት ሥራ ወዳድነት ነው ብሎ ሦስት ቀን ተከራከረ። ሁለተኛው ሃንድ ኢን ነው። ሪፖርት ሃንድ ኢን ይደረጋል፤ ማስረከብ ማለት ነው። ሃንድ ኢን ኖቲስ ከተባለ ግን ሰውዬው ሥራውን መልቀቁን በጽሑፍ አስታወቀ ማለት ነው።

«ኖቲስ ማስታወቂያ አይደለም እንዴ?» አለ ተጠባባቂው። «እኔ በየሰኞው ማስታወቂያ እለጥፋለሁ።»

«ትለጥፋለህ። ሃንድ ኢን አደርጋለሁ ግን አትልም። ብትልማ በየሰኞው ሥራ ትለቃለህ።»

ሚስቱ ከወዲያ ሆና «በየሰኞው ቢለቅ ማክሰኞ ማን ይቀበለዋል?» አለች።

ተጠባባቂው አልሳቀም። ያንን ካርድ በቀይ አሰመረበትና ከሌሎቹ ለይቶ ሰቀለው፤ በመጋዘኑ ውስጥ ተቀጣጣይ ዕቃ ለብቻው እንደሚቀመጠው ሁሉ።

ጠቡ የተነሣው በአራተኛው ሳምንት ነው። ቲቸር «ራስህን አስተዋውቅ» አሉት። ስሙን ተናገረ። ቀጥሎ ሥራውን ሊናገር ሲል ቃሉ ጎደለው።

«ተጠባባቂ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

«አክቲንግ።»

ተጠባባቂው በጭፍን የሚቀበል ሰው አይደለም። ሽፋኑ የተገነጠለውን ትልቅ መዝገበ ቃላት አውርዶ ገለጠ፤ ጣቱን በመስመሩ ላይ ጎተተ፤ ቆመ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ፤ «ተውኔት መጫወት። ማስመሰል።»

«ሌላም ትርጉም አለው፣ ወደ ታች ውረድ።»

«አልወርድም። እማማ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመት ያስመሰልኩበት ቀን የለም።»

«ማንም አስመስለሃል አላለህም። ቃሉ እንዲያ ነው።»

«አሁን ለፈረንጇ ገብቼ፣ ዘጠኝ ዓመት ቲያትር ስሠራ ነበር፣ አሁን ቋሚ አድርጉኝ ልበላት? መጠበቅ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

«ዌይት።»

«እንግዲያው እኔ ዌይቲንግ ነኝ።»

«ዌይቲንግ ኃላፊ የሚባል ነገር በእንግሊዝኛ የለም። በጥቂት ከሳትክ ዌይተር ትላለህ፤ ያኔ ሳህኑን አንሣልን ይሉሃል።»

«ሳህን ማንሣት ሥራ ነው። ማስመሰል ሥራ አይደለም።»

ቲቸር መነጽራቸውን አወለቁ። በሃያ ዓመት ውስጥ ይህ አማች አንድም ቀን እምቢ ብሏቸው አያውቅም ነበር። «ትምህርቱ አልቋል» አሉና በራቸውን ዘጉ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሚስት በሁለቱ መካከል ሆና ጨው አቀብሉ የሚለውን መልእክት ሳይቀር ስታደርስ ሰነበተች። ተጠባባቂው ግን ለብቻው ማጥናቱን አላቋረጠም፤ በመኝታ ቤቱ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ እያለ ጮክ ብሎ ያነባል። በሦስተኛው ቀን ማታ ሪስፖንሲቢሊቲን ሲጠራ ከስድስቱ የቃሉ ክፍሎች ሁለቱን ዘለላቸው። ግድግዳው በእጅ ተመታ።

«ቢ-ሊ-ቲ!» አለ የቲቸር ድምፅ።

«ቢሊቲ» አለ ተጠባባቂው።

«እንደገና።»

ትምህርቱ በግድግዳው በኩል ቀጠለ፤ በሳምንቱ መጨረሻ በሩ ተከፈተ። ስለ አክቲንግና ስለ ዌይቲንግ ግን ሁለቱም ዳግመኛ አላነሡም፤ ማናቸውም ከያዙት አልለቀቁም።

ቃለ መጠይቁ የተካሄደው በሰው ኃይል አስተዳደር ቢሮ ነው። ሚስቱ በዋዜማው የሰፋችለትን ሸሚዝ ለብሷል፤ የአንገቱ ቁልፍ ጠብቆበታል። ከጠረጴዛው ማዶ በመካከል አዲሷ ዳይሬክተር ተቀምጠዋል፤ አጭር፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ እርሳስ በጣታቸው የሚያዞሩ ሴት ናቸው። በቀኛቸው የቴክኒክ ሥራ አስኪያጁ፣ በግራቸው የሰው ኃይል ኃላፊው አሉ። ከኋላቸው ያ ከአራት ዓመት በፊት የተሰቀለ መጋረጃ እስከ ወለሉ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ተንጠልጥሏል።

ራሱን እንዲያስተዋውቅ ተጠየቀ። ስሙን ተናገረ፤ የሰው ኃይል ኃላፊው ስሙን ከሰማ ብዙ ጊዜ ስለሆነው በፊቱ ያለውን የስም ዝርዝር አየት አደረገ። ከዚያም ተጠባባቂው ደረቱን ነፍቶ «አይ አም ዘ ዌይቲንግ ኸድ ኦፍ ስቶር። ናይን ይርስ» አለ።

ዳይሬክተሯ እርሳሳቸውን አቆሙ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተመለከቱ። ማንን ነው የሚጠብቁት ብለው ጠየቁት።

ለዚህ ካርድ አልነበረውም። ስለዚህ እውነቱን ተናገረ።

«ፎር ዩ፣ ማዳም።»

የቴክኒክ ሥራ አስኪያጁ ሳል መጣበት። ዳይሬክተሯ አልሳቁም፤ የሆነ ነገር ጻፉ። ቀጥለው የመጋዘኑን ሪፖርት ለማንና መቼ እንደሚያቀርብ ጠየቁት። ይህ የሚያውቀው ነው፤ ቃሉ ከምላሱ ጫፍ ላይ ነው።

«ኤቭሪ መንደይ» አለ፣ «አይ ሃንድ ኢን ማይ…»

ቆመ። በቀይ የተሰመረበት ካርድ በዓይኑ ላይ ተንጠለጠለ። ከሃንድ ኢን ቀጥሎ ሁለት ዳዶዎች ተሰልፈዋል፤ አንዱ ከሥራው ያስወጣዋል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋው። ሦስቱ ፈታኞች ይጠብቃሉ፤ ዳይሬክተሯ ቅንድባቸውን አንሥተዋል።

«ማይ… ሪፖርት» አለ በመጨረሻ፣ ከውኃ ውስጥ ብቅ እንዳለ ሰው። ላቡን ጠረገ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከታተመ ወረቀት የተነበበ ነበር። በካሪየር መሰላል ላይ አሁን የት እንደሚገኝ፣ ወደ ላይ ለመውጣትም ምን እንዳሰበ እንዲያስረዳ ተጠየቀ። ክላይም ዘ ካሪየር ላደር አሥር ጊዜ የጻፈው ካርድ ነው። መልሱን ለመጀመር ዓይኑን ወደ ሩቅ ወረወረ፤ ሰው ያጠናውን ሲያስታውስ እንደሚያደርገው። ዓይኑ ያረፈው ግን መጋረጃው ባልደረሰበት በዚያ አንድ ስንዝር ላይ ነው። አራት የአሉሚኒየም እግሮች ይታያሉ። በአንደኛው ላይ በቀይ ቀለም፣ በገዛ እጁ የጻፈው «መ-17» አለ።

ያጠናው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከራሱ ወጣ።

«ማዳም» አለ፣ «ዘ ላደር ኢዝ ሂር።»

ዳይሬክተሯ ምሳሌያዊ ንግግር መስሏቸው አንገታቸውን በአክብሮት ነቀነቁ። የሰው ኃይል ኃላፊው ግን ገብቶታል፤ «አሁን ተው እንጂ፣ አንተ ሰው» አለ በአማርኛ፣ በጥርሶቹ መካከል። «ቃለ መጠይቅ ላይ ነህ።»

«አራት ዓመት ተውኩት» አለ ተጠባባቂው፣ ተነሥቶ እየሄደ። መጋረጃውን ወደ ጎን ሳበው።

መሰላሉ ተከፍቶ ቆሟል። መደርደሪያ ሆኖ ኖሯል፤ በደረጃዎቹ ላይ ውሳኔ የሚጠብቁ የሠራተኞች ፋይሎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረዋል። ከላይኛው ደረጃ ላይ አንድ የሻይ ብርጭቆ አለ። ተጠባባቂው ከኪሱ አራት ጊዜ የታጠፈውን የውሰት ቅጽ አውጥቶ በዳይሬክተሯ ፊት ዘረጋ፤ ዕለቱ፣ ቁጥሩ፣ «ለአንድ ቀን» የሚለው፣ የሰው ኃይል ኃላፊው ፊርማ፤ ሁሉም አለ። ዳይሬክተሯ ቅጹን አዩ፣ መሰላሉን አዩ፣ ከዚያም ተነሥተው ቀረብ አሉና የቴክኒክ ሥራ አስኪያጁ የፋይሎቹን ስም እንዲያነብላቸው አደረጉ። ከታች በሁለተኛው ደረጃ ላይ፣ አቧራ ለብሶ፣ አሁን በስሙ ራሱን ያስተዋወቀው ሰው ፋይል ነበር። አንሥተው ከፈቱት። ከውስጡ የወጣው ወረቀት ከጥቂቱ በቀር ሁሉም ስለ መሰላል ነው።

ስንት ጊዜ ጻፍክ ብለው ጠየቁት። አሥራ አራት አለ። ስለ ራስህ እድገትስ ስንት ጊዜ ጻፍክ አሉት። ሁለት አለ። ለምን ቢሉት፣ የመጋዘኑ ባላንስ ስላልገጠመ ነው አለ።

ተመልሰው ተቀመጡ። ይህን ሁሉ ዓመት ስትጠብቅ ምን ስትሠራ ነበር የሚለው ጥያቄ በታተመው ወረቀት ላይ አልነበረም፤ ከራሳቸው የወጣ ነው። ተጠባባቂውም ካርዶቹን አልፈለገም።

«አይ ኦፕን» አለ። «አይ ካውንት። አይ ራይት። አይ ክሎዝ። ኤቭሪ ዴይ።»

አንድም ዳዶ ያልገጠመበት፣ አራት ባዶ ብሎን ነበር። ቲቸር ቢሰሙት ገጹ በቀይ ይሞላ ነበር።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን አለፈ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ጥበቃዎች መሰላሉን ተሸክመው ወደ መጋዘኑ መጡ፤ በላይኛው ደረጃ ላይ የታሸገ ፖስታ በፕላስተር ተለጥፏል።

«ጋሼ፣ ፖስታውን ይክፈቱት እንጂ» አለ አንደኛው ጥበቃ፣ ከእሱ ይልቅ ቸኩሎ።

«ቆይ።»

መጀመሪያ መሰላሉን ከፈተ። ደረጃዎቹን ቆጠረ፤ አሥራ ሁለት ናቸው። እግሮቹን መረመረ፤ የአንደኛው እግር የላስቲክ ጫማ የለም። በመመለሻው ቅጽ ላይ «አንድ የላስቲክ ጫማ ጎድሎ» ብሎ ጻፈ፤ ጥበቃዎቹን አስፈረመ። ከዚያ በኋላ ብቻ ፖስታውን ከፈተና ቆሞ አነበበ። አንብቦም ሲጨርስ ከአጠገቡ የነበረውን የብሎን ሳጥን ሳበና ተቀመጠበት፤ በሥራ ሰዓት ሲቀመጥ ያዩት በዚያ ቀን ብቻ ነው ይላሉ ጥበቃዎቹ።

ማታ ሚስቱ ደብዳቤውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ምን ብዬ ልጥራህ?»

«ስም አለኝ።»

«ማን ነበር?» አለችው፣ እውነት የጠፋት መስላ።

ቲቸር ደብዳቤውን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ቀይ እስክሪብቷቸውን አንሥተው አነበቡት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። ሁለት ቦታ አሰመሩ፤ አንድ ቦታ ነጠላ ሰረዝ ጨመሩ። ከሥሩ «ሰባት ከአሥር» ብለው ጽፈው መለሱለት።

«ምን ብለህ ነው ራስህን ያስተዋወቅከው?» አሉ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ።

«ዌይቲንግ።»

«ስሕተት ነው።»

«ነው፣ እማማ።»

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጄ። ስሕተት ነው።»

የቀረው የቲተሩ ጉዳይ ነበር። አዲስ ቲተር ለማስቀረጽ ማዘዣ ተሞልቶ፣ ጸድቆ፣ ከግዥ ክፍል ተመልሶ እስኪመጣ ሦስት ወር ይፈጃል፤ ይህን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በማግሥቱ ጠዋት አንድ ምላጭ በራሱ ማዘዣ ከራሱ መጋዘን አወጣ፣ ካርዱ ላይ መዘገበ፤ ከዚያም ቲተሩን በመብራቱ ሥር ይዞ «ተ» የምትለዋን ፊደል ከነሰረዟ ከላስቲኩ ላይ በጥንቃቄ ላጣት። «የመጋዘን ኃላፊ» የሚለው ዳር እስከ ዳር ደህና ቀረ። በፊቱ ግን ምንም የማይታተምበት አንድ ክፍት ቦታ ተረፈ፤ ጽሑፉም ወደ ቀኝ አደላ።

በዓመቱ መጨረሻ የመጣው ኦዲተር ማዘዣዎቹን ሲያገላብጥ ይህንኑ አስተዋለ። ማኅተም ወጥ መሆን አለበት የሚል ደንብ አለና እስክሪብቶውን ክፍቱ ቦታ ላይ አሳርፎ፣ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ።

የመጋዘን ኃላፊው መነጽሩን አድርጎ ተመለከተ።

«ዘጠኝ ዓመት ነው» አለ።

ኦዲተሩ ይህን በየትኛው ርዕስ ሥር እንደሚመዘግብ አሰበ፤ አላገኘም። ገጹን ገለበጠና የመሰላሉን ካርድ አምጣልኝ አለ። ካርዱ ላይ መ-17፣ ወጪ አንድ፣ ተመላሽ አንድ፣ የላስቲክ ጫማ ጎድሎ ይላል። ከግርጌው በእርሳስ፣ ለሰው ኃይል አስተዳደር የተጻፈ አዲስ ማስታወሻ ቁጥር ሰፍሯል። ስለ ላስቲኩ ጫማ የመጀመሪያው ነው።